አያ ኢብሮ ጀርመን ሽማግሌ ላከ

አያ ኢብሮን የማያውቅ የቆቦ ሰው ካለ ፍየል ቀምሶ የማያውቅ ብቻ ነው። ገበያው ላይ ሽመሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ የሰው ፍየል ጀርባ እየዳበሰ "ይቺማ ታማለች" የሚለው ሰውዬ እሱ ነው። ሲገዛ ፍየል ሁሉ በሽተኛ ነው፤ ሲሸጥ ፍየል ሁሉ ሙሽራ ነው። ከዚህ የተረፈውን ጊዜ ማሽላ ያርሳል፣ ከዞብል ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው ይጠልፋል፣ በጎርፉ ሰበብ ከጎረቤቱ ይጣላል፣ ከዚያ ይታረቃል። ስለ ጀርመን የሚያውቀው ነገር ቢኖር አንድ ጊዜ "የጀርመን ነው" ተብሎ የተሸጠለትን የውሃ ፓምፕ ነበር። እሱም እስከ ሮቢት ሳይደርስ ነው ነፍሱ የወጣ።

እኔ መናኸሪያው በር ላይ ሞባይል ቤት አለኝ። ቤት ስል ቆርቆሮ ነው። ስልክ እጠግናለሁ፣ ዘፈንና ማንዙማ እጭናለሁ፣ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ የዚህንም የዚያንም ሰው ድምፅ እያወጣሁ ሰፈሩን አስቃለሁ። ከትምህርት ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል፤ እሷም አልፈለገችኝ፣ እኔም አልተከተልኳት። አንድ ጠዋት አያ ኢብሮ መጥቶ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገና፣

"ጀርመንኛ ጫንልኝ" አለኝ።

"ምን?"

"ማንዙማውን ጭነህልኝ የለ? እንደሱ አርገህ ጀርመንኛ ጫንልኝ። ቶሎ በል፣ ፍየል አስሬ ነው የመጣሁ።"

"አያ ኢብሮ፣ ቋንቋ ስልክ ላይ ቢጫን ጭንቅላት ውስጥ አይገባም እኮ።"

"አንተ ስልኩ ላይ ጫን። ጭንቅላቱን ለኔ ተወው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ዒምራን ጀርመን ከገባ ቆይቷል። እዚያ አሮጊትና ሽማግሌ የሚጦርበት ቤት ይሠራል፤ እዚህ እያለ ለገዛ አያቱ ውሃ አቀብል ሲባል ሰፈር ለቆ የሚጠፋ ልጅ። ይኸው ዒምራን ደወለና "አባ፣ ላገባ ነው" አለ። ልጅቱ ማራይከ ትባላለች፤ አብራው ነው የምትሠራ፤ ማዘጋጃ ቤት ሄደው የሚፈራረሙበት ቀን ተቆርጧል። እናቱ ጀዊሪያ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አያ ኢብሮ እጁን አነሳ።

"ማን ጠየቃት?"

"እኔ ነኛ" አለ ዒምራን።

"አንተንማ ሰማሁ። አባቷን ማን ጠየቀ?"

"አባ፣ እዚህ አገር አባት አይጠየቅም።"

"አባት የላትም?"

"አላት። ዲትማር ይባላል።"

"ታዲያ ዲትማር ምን በድሎ ነው የማይጠየቅ?"

ዒምራን ሊያስረዳ ሞከረ። ልጅቱ ትልቅ ሰው ናት፣ የራሷ ደሞዝ አላት፣ ለራሷ እሺ ብላለች። አያ ኢብሮ ሁሉንም በትዕግስት ሰማና፣ "መንገድ ላይ የተገኘ ልጅ ነው እንዲህ የሚያገባ" አለ። "ወገን ያለው ሰው ሽማግሌ ይላክለታል። ነገ ብትጣሉ ከማን እጅ ነው የተቀበልኳት ልትል ነው? እኔ አባቷን ሳልጠይቅ ከፈረምህ፣ ለሰዎቹ አባቴ ሞቷል ብለህ ንገራቸው።"

እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ሲባል ያስፈራል፤ ቪዲዮ ደግሞ ነበረው። ዒምራን ደነገጠና አንድ ቅዳሜ ከዲትማር ጋር በቪዲዮ ሊያገናኘው ቃል ገባ። ከፊርማው በፊት ነው ቀኑ። "እኔ አስተረጉማለሁ" አለ።

"ሙሽራ የራሱን ሽማግሌ ሲያስተረጉም የት አይተሃል? እኔ እናትህ በተጠየቀችልኝ ቀን ከሰፈር ተባርሬ ጎብዬ ነው የዋልሁ። አንተም በዚያ ቀን ዞር በል። ከሰውየው ጋር እኔው እነጋገራለሁ።"

"በምን ቋንቋ?"

"ቋንቋ ይጠፋል? ፍየል ከአፋር የምገዛ እኔ አይደለሁም?"

እንግዲህ ጀርመንኛ ጫንልኝ ያለኝ ለዚህ ነበር። አስተርጓሚ ፈልገን ነበር። ቆቦ ውስጥ ጀርመንኛ የሚችል ሞልቷል፤ የሚናገር ነው የጠፋው። አንዱ የባጃጅ ሹፌር "ጀርመንኛ ማለት እንግሊዝኛ ነው፣ ተቆጥተህ ስትናገረው" አለን። እንግሊዝኛውን ተናገር ስንለው ተቆጣ። ግማሹን ያውቀው ነበር ማለት ነው።

በመጨረሻ ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል አገኘሁለት። ዘካሪያስ የሚባል ልጅ ነው የሚመራው። በየጠዋቱ አንድ ቃል ይልካል፤ አንተ እስከ ማታ ቃሉን በድምፅህ ቀርጸህ ትመልሳለህ፤ አንድ ቀን ካለፈህ ከግሩፑ ትወጣለህ። ዘካሪያስ ሙዚቃ ከኋላው አስከፍቶ፣ አፍንጫው የተያዘ በሚመስል ድምፅ "ሰላም ሰላም የቻናላችን ውድ ቤተሰቦች፣ የዛሬው ቻሌንጃችን" ሲል ያን ድምፅ እኔ በአንድ ቀን ነው ያወጣሁት። ሰዉ ከዘካሪያስ የኔው ይሻላል ብሏል።

"ካለፈህ ትወጣለህ ማለት ምንድነው?" አለ አያ ኢብሮ።

"በቃ ያባርሩሃል።"

"ከቅሬ እንደ መባረር?"

"እንደሱ።"

ፊቱ ተለወጠ። ቅሬ የኛ አገር እድር ነው፤ ከሱ የተባረረ ሰው ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ከዚያ ቀን በኋላ አያ ኢብሮ ለቅሶ ይቀር እንደሆነ እንጂ ቻሌንጅ አልቀረም።

የመጀመሪያው ቃል "ኩልሽራንክ" ነበር።

"ምንድነው?"

"ፍሪጅ።"

"ሴት ልጅ ልንጠይቅ ፍሪጅ ምን ይሠራልናል?"

"እኔንጃ። ጀርመን በፍሪጅ ነው መሰለኝ የሚጀመር።"

አጠናኑን ልንገራችሁ። ቃል በመጣ ቁጥር ለአንዲት ፍየል ስም ያወጣላታል። ጠዋት በረቱን ሲከፍት "ኩልሽራንክ፣ ውጪ! ናኽባር፣ አትግፊያት!" ሲል ሰፈሩ ጂን ሰፈረበት ብሎ ነበር። ዘዴው ጥሩ ነበር፤ አንድ እንከን ብቻ ነበረው፤ ሰውየው ፍየል ነጋዴ ነው። ገበያ ሲቆም ፍየሏን ይሸጣታል፣ ቃሉም አብሯት ይሄዳል። አንድ ቀን እየሮጠ መጥቶ "በሩን ምን ነበር የምንለው?" አለኝ። እኔ ምን አውቄ። "ቀይዋ ነበረች፣ ባለ ነጭ ግንባሯ። ለአንድ የሮቢት ሰው ሸጥኋት" እያለ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ቃል የሚሰጠው ለማይሸጥ ነገር ብቻ ሆነ። ጣሪያውን "ዳኽ"፣ ጎረቤቱን "ናኽባር"፣ ደመና የማይቋጥረውን ሰማይ "ሬገን" እያለ ይጠራ ጀመር።

ጀዊሪያ ለጎረቤቶቿ እንዲህ ስትል ሰምቻለሁ፦ "ስንት ዘመን አብረን ስንበላ 'ወጡ ጣፈጠ' የሚል ቃል ያልወጣው ሰውዬ፣ ይኸው ለአንድ ፈረንጅ በቀን በቀን ቃል ያጠናል። እኔንም ጀርመን በወለደኝ።"

አንድ ቀን "ፌርዚሸሩንግ" መጣ። ኢንሹራንስ ነው። "ኢንሹራንስ ደግሞ ምንድነው?" ሲለኝ፣ "በየወሩ እያዋጣህ መከራ እስኪመጣ የምትጠብቀው ነገር ነው" አልኩት። "ቅሬ በለኛ" ብሎ ሄደ። ከመጡት ቃላት ሁሉ ያለ ፍየል የተያዘው እሱ ብቻ ነው።

ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ዘካሪያስ የሚልከው የዕቃ ስም ብቻ ነው። በር፣ ጣሪያ፣ ፍየል፣ ዝናብ። "ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን" የሚል የለም። በአያ ኢብሮ ስም ጻፍኩለት፦ ሴት ልጅ እንዴት ነው የሚጠየቅ? መልስ መጣ፦ "ውድ የቻናላችን ቤተሰብ፣ ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን። ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው ምዕራፍ እንጀምራለን። የዛሬውን ቃል እንዳይረሱ። የዛሬው ቃል ጉልበት ነው። ክኒ።"

"አለቀልን" አልኩ። "ሰውየውን ጉልበት ብለህ ሴት ልጅ ልትጠይቀው ነው?"

አያ ኢብሮ ግን አልከፋውም። ቁጭ ብሎ በሽመሉ መሬቱን እየጫረ አሰበና፣ "እኛ ስንገናኝ ምንድነው የምንባባል?" አለኝ። "ከብቱ? ዝናቡ? ጎረቤቱ? ጤናው? ሌላ ምን አለበት? 'ቪ ጌት' እንዴት ነህ ነው ብለኸኛል። 'ቪ ጌት' እያልሁ ያሉኝን ቃላት ብደረድር ጀርመንን በሙሉ ሰላም ብያት እመለሳለሁ።"

"ጥያቄውስ?"

"ሴት ልጅን ቶኽተር አላለም? እባክህን ቢተ አላለም? ቶኽተር፣ ቢተ።"

"አያ ኢብሮ፣ ይሄ እኮ ሻይ ማዘዝ ነው።"

"አንተ ሻይ አዘህ ሳይመጣልህ ቀርቶ ያውቃል?"

ሽማግሌዎቹ ተመረጡ። አንዱ ሐጂ መንሱር ናቸው፤ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልተቆጡት ጎረምሳ የለም። ሁለተኛው አባ ታረቀኝ ናቸው፤ ከሐጂ ጋር ሲሸመግሉ ዘመናቸውን ፈጅተዋል፣ አንድ ቀን ግን ተስማምተው አያውቁም። ሦስተኛው ራሱ አያ ኢብሮ ነው። አባት ከሽማግሌ ፊት አይናገርም ተብሎ ክርክር ተነስቶ ነበር። ግን ጀርመንኛው እሱ ዘንድ ስለሆነ ተፈቀደለት።

እኔ እንግዲህ ሞባይል ቤቴ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፌ ጠበቅኋቸው። ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ምንጣፉን አዩት።

"ይሄ ምንድነው?"

"እዚህ ሆናችሁ ነዋ የምታወሩት።"

"ሽማግሌ ቤቱ ተቀምጦ የሰው ልጅ ይጠይቃል?" አሉ። "መንገድ መሄድ አለበት። አቧራ ይልበስ እንጂ።"

አባ ታረቀኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። "ሳይለፉ የጠየቋት ሙሽራ አትከበርም" አሉ።

የት ይሄዳል ታዲያ? ጀርመን ወደ ሰሜን ነው፤ ኔትወርኩ ግን በዚያ ሰሞን የሚሻለው ወደ ደቡብ፣ ጎብዬ ነው። ሦስቱም ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ሽመላቸውን ይዘው፣ ከእኔና ከስልኩ ጋር ሚኒባስ ተሳፈሩ። ረዳቱ "ወዴት ናችሁ አባቶቼ?" ቢላቸው ሐጂ መንሱር ፈገግ እንኳ ሳይሉ "ጀርመን" አሉት። "ጎብዬ ላይ እጥላችኋለሁ" አለ ረዳቱ።

ጎብዬ የራዊያ ሻይ ቤት ገባን። ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ደወልኩ። ሦስቱም ሽመላቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ተሰልፈው ቆሙ።

"ቁጭ በሉ አባቶቼ፣ ምን ልታዘዝ?" አለች ራዊያ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤ ውሃም አንጠጣም" አሉ ሐጂ።

"ጉዳያችሁ ከኔ ጋር ነው?"

"ከጀርመን ጋር ነው።"

"እንግዲያ ጀርመን ቁጭ በሉ እስኪላችሁ ድረስ በሩን ልቀቁልኝ፣ ሰው መግቢያ አጣ።"

ወደ ግድግዳው ሲጠጉ ስልኩ ተነሳ። ዒምራን ብቅ ሲል አያ ኢብሮ በሽመሉ "ዞር በል ከዚያ" አለው፤ ልጁ ወጣ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ራሰ በራ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ የቀላ ትልቅ ሰውዬ ቀረ። ዲትማር ነው። ሦስት ሰው ዱላ ይዞ ተሰልፎ ሲያይ ወንበሩን ትንሽ ወደኋላ ገፋ።

"ጉተን ታግ" አለ።

"ጉተን ታግ። ቪ ጌት?" አለ አያ ኢብሮ።

"ጉት፣ ጉት።"

ሌላ አገር ቢሆን ሰላምታው እዚህ ላይ ያልቃል። በኛ አገር ግን አሁን ገና ተጀመረ።

"ቪ ጌት ጺገ?"

ፍየሏ እንዴት ናት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ ስንጠይቅ ጠየቅን እንጂ መልስ አንፈልግም። የሰው ቤት ተቃጥሎ ጭሱ ሳይበርድ "ቤቱ?" ብትለው "አልሃምዱሊላህ፣ ደህና" ነው የሚልህ። ይሄን ለዲትማር የነገረው የለም። ዲትማር ጥያቄውን ፍርድ ቤት እንደተጠየቀ ሰው አሰበበት። ራሱን ነቀነቀ፤ ፍየል የለኝም ማለት ነው። ተነስቶ ሄደና አንዲት በግ የምታህል ድመት ታቅፎ መጥቶ አሳየን። ያለችኝ ይቺ ናት ነው ነገሩ።

"ማሻአላህ፣ ወፍራለች" አሉ አባ ታረቀኝ፤ ከሐጂ ቀድመው።

"ሬገን?" አለ አያ ኢብሮ፤ ዝናቡስ ነው።

ዲትማር ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። እንጨት ላይ የታሰረች የመስታወት ቱቦ ነበረች፣ ዝናብ የምትለካ። ባዶ ናት። ጣቱን ከታች እስከ ላይ እየሄደባት ብዙ ተናገረ።

"ዝናብ ቀርቶበታል" አለ አያ ኢብሮ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ። ሦስቱም ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ዘመድ ሆነ።

"ናኽባር?"

ፊቱ ከመቅላት አልፎ ጠቆረ። ወደ አጥሩ ጠቆመ፣ በእጁ የመቁረጥ ምልክት አሳየ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ። አንድ ቃል አልገባንም፤ ነገሩ ግን ሙሉ በሙሉ ገባን።

"ወሰን ገፍቶበታል" አሉ አባ ታረቀኝ።

"ሽማግሌ አጥተው ነው" አሉ ሐጂ።

ቀጥሎ አያ ኢብሮ ዘካሪያስ በመጨረሻ የላከለትን አወጣ። "ክኒ?"

ዲትማር ፊቱን ከአጥሩ መለሰ። ስልኩን ይዞ ገባና ተቀመጠ። ሱሪውን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ጠቀለለና ጉልበቱን አሳየን። ከላይ እስከ ታች የተሰፋ ነው፣ እንደ ጆንያ። ለረጅም ጊዜ ቀስ ብሎ አወራ። ራዊያ ሳትቀር ትሪዋን ይዛ መጥታ ትሰማለች። አያ ኢብሮ "አብሽር፣ አብሽር" ይለዋል። ሲጨርስ አያ ኢብሮ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጋቢውን አስተካከለና "ዲትማር፣ ቶኽ" ሲል ኔትወርኩ ሄደ።

የት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም፤ ሲመለስም ይቅርታ አይጠይቅም። ስክሪኑ ላይ የቀረው የሰውየው ጉልበት ብቻ ነበር። ብሞክር ብሞክር እምቢ አለ።

ሐጂ መንሱር ግን ደስ ብሏቸዋል። "አያችሁ? ባዶ እጃችንን መለሰን" አሉ። "በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን የጠላ ነው። ሰውየው ጨዋ ነው።"

"ኔትወርክ ነው እኮ ሐጂ" አልኩ።

"አንተ ዝም በል። በል እንቀመጥ፤ ለዛሬው አልቋል። ሻይ አምጪ ልጄ።"

ሁለቱ ጠጡ። አያ ኢብሮ አልጠጣም። "አልጠየቅሁም" ነው የሚለው። ሚኒባስ ውስጥም "አልጠየቅሁም"። እንደ ወትሮው በድምፁ ልቀልድበት ፈልጌ ነበር፤ አልወጣልኝም። ፊርማው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ዒምራን ወገን እንደሌለው ሰው ሊፈርም ነው፤ ከዚያ ወዲያ የተጠየቀ ጥያቄ ደግሞ ካረዱ በኋላ በፍየል ዋጋ እንደ መዋዋል ነው።

በነጋታው አያ ኢብሮ እኔው ጋ ቁጭ ብሎ ሳለ ዒምራን ደወለ።

"አባ፣ ምን አድርገህብኝ ነው? ዲትማር ሐሙስ ቀን ፊርማ የለም አለ።"

የአያ ኢብሮ እጅ ሽመሉ ላይ ቀረ። "እምቢ አለ?"

"እምቢ አላለም። 'ሰውየው ጉልበቴን ጠይቆኝ እኔ ሳልጠይቀው ተቋረጠ፣ ነውር ነው፣ መጀመሪያ እሱን አናግሬ' አለ። ሐኪሙ እንኳ እንደሱ አልሰማኝም ነው የሚለው። ደግሞ ዱላ ይዘው ለምን ቆሙ ብሎ አፋጠጠኝ።"

"ምን አልኸው?"

"ምን ልበለው? ልጅህን ሊጠይቁ ነው አልሁት።"

"እሱስ?"

"'ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም፣ ሰዎቹን አስቁሜ ስለ አጥር ሳወራ' ብሎ ተቆጣኝ።"

ልብ በሉ፤ ይሄ ልጅ ሽማግሌ መጦር ሥራው ነው፣ ሰርተፍኬት አለው። የእጮኛውን አባት ጉልበት ግን አንድ ቀን ጠይቆት አያውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ጎብዬ ወረድን። ያው ጋቢ፣ ያው ሽመል፣ ያው ግድግዳ። ራዊያ "ጀርመኖቹ መጡ" ብላ በሩን ራሷ ለቀቀችልን። ሻይ ቤቱ ሞልቷል፤ ወሬው ቀድሞን ደርሶ የፍየል ነጋዴው ሁሉ ሊያይ ተሰብስቧል።

ስልኩ ሲነሳ ዲትማር ኮት ለብሶ፣ እሱም ቆሞ ነበር። አያ ኢብሮ አፉን ሳይከፍት ቀደመው።

"ኢብሮ። ቪ ጌት ጺገ?"

አያ ኢብሮ "አልሃም" ብሎ ጀመረና አቆመ። ሰውየውን አየው። ዲትማር ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ ይጠብቃል፣ የምር። ጉልበቱን ገልጦ ላሳየ ሰው እንዴት ዝም ብሎ ደህና ይባላል?

"ሁለቱ ታመዋል" አለ አያ ኢብሮ በአማርኛ፣ በእጁ ሆዷ ያበጠ ፍየል እያሳየ። በዚያ ሁሉ ገዢ ፊት። የራሱን ፍየል ታማለች ሲል ገበያው ሰምቶት የማያውቅ ሰውዬ ነው። ከኋላ አንዱ "ሁለቱ የትኞቹ ናቸው?" ሲል ሰማሁት።

"ሬገን?" አለ ዲትማር።

"ናይን" አለ አያ ኢብሮ፣ ደረቁን የዞብል ሰማይ በሽመሉ እያመለከተ።

"ክኒ?"

አያ ኢብሮ ሽርጡን ገለጠና ጉልበቱን ለስልኩ ሰጠ። የቀኙ ነው። አብጧል፣ ጎብጧል። ያ ጉልበት እንደሚያመው ጀዊሪያ ራሷ አታውቅም ነበር። ሐጂ መንሱርም ጎንበስ ብለው አዩትና "አንተ፣ እንዲህ ሆነህ ነው ይሄን ሁሉ የምታቆመን?" አሉት።

ሰላምታው አለቀ። አያ ኢብሮ ሽርጡን መለሰና ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ዲትማር። ቶኽተር፣ ቢተ።"

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። አንድ ጣቱን አነሳ፣ ጠብቁኝ ማለቱ ነው፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኝቶ ሄደ። እኛ የጀርመንን ኮርኒስ እያየን ቀረን። ሻይ ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ኮርኒስ ያያል።

"ዳኹ ደህና ነው" አለ አያ ኢብሮ ቀስ ብሎ። ጣሪያው ማለቱ ነው።

"ሊመክር ነው የሄደ" አሉ ሐጂ። "ብያችሁ ነበር፣ ጨዋ ነው።"

ከወዲያ ክፍል የሰውየው ድምፅ ተሰማ። የሴት ሳቅ ተሰማ፣ ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠ፣ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማን። ከዚያ ስልኩ ተነሳ፤ ዲትማርና ማራይከ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ የሷ ዓይን ቀልቷል።

"ያ" አለ ዲትማር። እሺ ነው። ያን እኔም አውቀዋለሁ።

አያ ኢብሮ መልስ ፈለገ፤ የለም። ዘካሪያስ ፍሪጅ ሰጥቶታል፣ ኢንሹራንስ ሰጥቶታል፣ ለዚህ ቀን የሚሆን ቃል ግን አልሰጠውም። ሽመሉን ለኔ አቀበለኝና ሁለት እጁን ዘረጋ።

"ውለዱ፣ ክበዱ። ጉልበትህን አላህ ያጽናው። ሰማይህ ይዝነብልህ። ከጎረቤትህ ያስታርቅህ። ልጄ ልጅህ ይሁን፣ ልጅህም ልጄ ትሁን።"

"አሚን" አለ ሻይ ቤቱ።

"አሜን" አለ ከስልኩ ውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ይሄን ቃል ማንም ቻሌንጅ አልላከለትም። አባ ታረቀኝ እሳቸው ያስተማሩት ይመስል ጢማቸውን ዳበሱ። ራዊያ ወንበር አምጥታ ሦስቱንም በግድ አስቀመጠችና ሻይ ደረደረች። አያ ኢብሮ ያን ቀን ጠጣ፤ ሦስት ጠጣ። ሁለቱን የታመሙ ፍየሎች ግን ከዚያ ወዲህ የሚገዛ ጠፋ።

በማግስቱ ጠዋት ቆርቆሮዬን ስከፍት በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

"የዛሬውን ቃል አውጣልኝ" አለ።

"አያ ኢብሮ፣ ልጅቱን አገኘህ እኮ። ከዚህ በኋላ ቃሉ ምን ያደርግልሃል?"

ሲገዛ ፍየል በሚያይበት ዓይን ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ክፈተው ዝም ብለህ። ሰውየውን ነገ ጉልበቱን ማን ይጠይቀዋል፣ አንተ?"